«ጭንቅላቴ አይዝም» የሚለው ባለሱቅ የስንት ዕቃ ዋጋ በቃሉ ያውቃል?

ዲፕስሉት ውስጥ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ወደ አንዱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጎራ ብትሉ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ የቆመው ወጣት ፋታ የለውም። አንዷ «ኢሲንክዋ» ትለዋለች፣ ዳቦ ያቀብላታል። ሌላው «ኡቢሲ» ይለዋል፣ ወተት ያወጣለታል። በሴፔዲ «ኬ ቦካይ?» ብሎ ዋጋ ለሚጠይቀው በሴፔዲ ይመልስለታል። ዱቄቱን በየኪሎው፣ ዘይቱን በየሊትሩ፣ ሲጋራውን በፍሬም በፓኮም፣ ኤርታይሙን በየኔትወርኩ ያውቀዋል። ማን ትናንት በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ደሞዝ ሲቀበል እንደሚከፍል፣ የትኛው ዕቃ ነገ እንደሚያልቅ ወረቀት ሳያይ ይነግራችኋል። ከአገሩ አማርኛና ሀዲይኛ ይዞ የመጣ ልጅ፣ ሁለት ሦስት የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ እዚያው ባንኮኒው ላይ ለምዷል። ኮርስ የሰጠው ሰው የለም።

እስቲ ይህንኑ ልጅ «ትምህርትህን ለምን አትቀጥልም?» በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ «ተወኝ ባክህ፣ እኔ ጭንቅላቴ አይዝም።»

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። የሺህ ዕቃ ዋጋ የያዘ ጭንቅላት የባዮሎጂውን ምዕራፍ አልይዝም ካለ፣ ችግሩ ጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን አያያዙ ላይ ነው። ዋጋውን የያዘው ተቀምጦ ስላነበበው አይደለም። በቀን መቶ ጊዜ ስለተጠየቀ፣ ሲሳሳት ወዲያው ስለታረመ፣ ነገም ተነገ ወዲያም ዳግም ስለሚጠየቅ ነው። መጽሐፉን ግን ማንም አይጠይቀውም። ራሱም ራሱን አይጠይቅም። ያነበዋል፣ ያሰምርበታል፣ ደግሞ ያነበዋል። ከዚያ ፈተናው ላይ ይጠፋበታል።

ፍርዱ ምን ያስከፍላል

ዲፕስሉት ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ያለች ሎኬሽን ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሌላ ቦታ ለተነሱ ሰዎች ጊዜያዊ ማረፊያ ተብላ ተመሠረተች። ጊዜያዊነቷ ቀረና በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከ138 ሺህ በላይ ሰው ተቆጠረባት። እነዳይንፈርንን የመሳሰሉ በግንብ የታጠሩ የሀብታም ሰፈሮች ቅርቧ ናቸው። እሷ ግን አሁንም ብዙው ቤቷ ቆርቆሮ ነው። በ2008 እና በ2013 የውጭ ዜጎች ሱቆች ከተዘረፉባቸው ቦታዎች አንዷም እሷ ነበረች። እዚያ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ልጁን እዚያው ፍርግርግ ጀርባ ሊተካው የሚመኝ አባትም እምብዛም አይገኝም።

ታዲያ ልጁ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ውጤቱ ሲወርድ ምን ይባላል? «ይሄ ልጅ ትምህርት አይገባውም፣ ቢያንስ ሱቁን ያግዝ።» አንድ ተርም ሱቅ ያግዛል፣ ሁለተኛው ተርም ላይ መቅረት ይጀምራል፣ ከዚያ በዚያው ይቀራል። «አይዝም» የምትለው ቃል ቀላል ወቀሳ ትመስላለች እንጂ ሥራዋ የፍርድ ሥራ ነው። የተፈረደበትም ልጅ ይግባኝ አይልም፤ ያምነዋል።

ፍርዱ ከአገር ቤት ተከትሎን የመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ያኔ ብዙ ሰው የተናገረው ስለ ተማሪዎቹ ስንፍና ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ አንድ ትውልድ በአንድ ጊዜ ጭንቅላት ሊያጣ ይችላል እንዴ? ከመቶ ዘጠና አምስቱ ሲወድቅ መጠየቅ ያለበት አስተማማሩና አጠናኑ ነው።

«አንብበሃል?»

እኛ ጥናትን የምንጠራበት ቃል ራሱ ያሳስተናል። አገር ቤት ተማሪ ሲገናኝ «አንብበሃል?» ይባባላል። «ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ» ይላል። ማጥናት ማለት ማንበብ ሆኖ ቀርቷል። የድሮው ቃል ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። «አጠና» ከ«ጠና» የመጣ ነው፤ ማጥናት ማጽናት፣ ማጠንከር ነው። «በቃል መያዝ» የሚለውንም ልብ በሉት። በዓይን መያዝ አላልንም። ቃል ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው፤ ያልወጣ ነገር ደግሞ መያዙ አይታወቅም።

ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት ሞልቷል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ በዚህ መስክ በጣም ይታወቃል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አጭር ጽሑፍ በ4 ዙር ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በ1 ዙር ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት 3 ዙሮች ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ።

«ትናንት ማታ ሁሉንም አውቀው ነበር፣ ፈተና ክፍል ስገባ ጠፋብኝ» የሚል ተማሪ አይዋሽም ማለት ነው። ትናንት ማታ በእርግጥ ያውቀው ነበር። ደጋግሞ ማንበብ ለ5 ደቂቃ የሚሆን እውቀት ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ግን የማወቅ ስሜት ብቻ ነው የሚያስቀረው።

እነዚሁ ሰዎች በ2008 ሌላ ሙከራ አሳተሙ። እኛን የሚመለከት ነው ብል አላጋነንኩም፤ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ያስጠኑት 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር ነበር። ግማሾቹ አንድን ቃል አንዴ በትክክል ከመለሱ በኋላም እንደገና እንዲጠየቁ ተደረገ። ሌሎቹ አንዴ ከመለሱ «ይኼስ ተይዟል» ተብሎ ቃሉ ከጥያቄው ወጣላቸው። ከሳምንት በኋላ መጠየቃቸው የቀጠለው 80 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ የተቋረጠባቸው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ አስታወሱ። ቃሉን እንደገና እያዩ ማጥናታቸው ልዩነት አላመጣም። ከሁሉ የሚገርመው፣ ስንት ታስታውሳላችሁ ተብለው ቀድመው ሲጠየቁ ሁሉም ቡድኖች ተመሳሳይ ግምት ነበር የሰጡት፤ ከግማሽ አካባቢ። የትኛው ዘዴ እንደጠቀማቸው ራሳቸው አላወቁትም።

ዲፕስሉት ያለው ባለሱቅ ዙሉና ሴፔዲ የለመደው በዚሁ መንገድ ነው። «ኢሲንክዋ» የሚለውን ቃል አንዴ ስላወቀው ደንበኛ መጠየቁን አላቆመም። በማግስቱም መጥቶ ጠየቀው።

የኔታም ያውቁት ነበር

አንዳንድ ዘመናዊ ሰው ይህን ሲሰማ «ድሮም በቃል መያዝ ኋላቀር ነው፣ ዋናው መረዳት ነው» ይላል። በዚህ አልስማማም። የማባዛት ሰንጠረዥ ያልያዘ ልጅ አልጀብራ ላይ ይደክማል። የመድኃኒት መጠን በቃሏ የማታውቅ ነርስ አታስተማምንም። ሽምደዳን ክፉ የሚያደርገው መያዙ ሳይሆን ዋዜማ ላይ መደረጉና ከትርጉሙ መነጠሉ ነው።

አባቶቻችን በቃል የያዙትን ያህል የያዘ ማኅበረሰብ ብዙ አይደለም፤ የያዙትም ግን ዝም ብለው ደጋግመው በማንበብ አልነበረም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ቀን ከመጽሐፍ ያነባል። ሌሊት ደግሞ መብራት በሌለበት የቃል ትምህርቱን ከታላቁ ተማሪ አፍ ይቀበላል፣ መልሶም ያሰማል። የትናንቱን ሳያሰማ አዲስ አይቀበልም። ታናሹን የሚያስተምረው ታላቁ ተማሪ ሲያስተምር የራሱን ያጸናል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ አይችልም፤ ከራሱ አዲስ ማውጣት አለበት። ቁርዓን የሚሐፍዝ ልጅም እንዲሁ ነው። የዛሬውን አዲስ ክፍል ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የቅርቡንና የቆየውን በየተራ ለኡስታዙ ያሰማል።

አሁን ተመራማሪዎች «ራስን መፈተን» እና «እያራራቁ መከለስ» የሚሏቸው ሁለት ነገሮች እነዚህ አይደሉም እንዴ? በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ 10 የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ባወጡት ሰፊ ግምገማ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት እነዚሁ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ከዝቅተኞቹ መደብ ተመደቡ። የየኔታ አለንጋና ኩርኩም ይቅርብን፤ ማሰማቱን ግን መጣል አልነበረብንም። እኛ ያደረግነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ማሰማቱን ትተን ቁጣውን ይዘን ቀረን።

«አይዝም» ወይስ «አልገባውም»?

ስለ ዘዴ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ብዙ ጊዜ «አይዝም» የምንለው ልጅ ችግሩ መያዝ አይደለም፤ የሚይዘው ነገር ቋንቋው አልገባውም። ያልገባውን ዓረፍተ ነገር በቃል ለመያዝ የሚታገል ልጅ የማያውቀውን ስልክ ቁጥር በደርዘን እንደሚሸመድድ ሰው ነው።

በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ትምህርት ቤቶች አብዛኛው ልጅ ለዓመታት እስከ 3ኛ ክፍል በአፍ መፍቻው ሲማርና 4ኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ቆይቷል። ፒርልስ በተባለው ዓለም አቀፍ የንባብ ምዘና በ2021 ከአገሪቱ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች 81 በመቶው ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም። እነዚህ እዚያው የተወለዱት ናቸው። የእኛ ልጅ ደግሞ ቤቱ አማርኛ ወይም ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ይሰማል፣ ሰፈሩ ዙሉና ሴፔዲ ያወራል፣ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። በአራተኛ ቋንቋው ስለ ፎቶሲንተሲስ ያነባል። ከዚያ አልያዝክም ብለን እንቆጣዋለን።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወላጅም እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅበትም። ልጁ የተማረውን በቤቱ ቋንቋ ያስረዳ። «ዛሬ ምን ተማራችሁ? እስቲ አስረዳኝ» በሉት። «አባባ፣ ቅጠል የፀሐይ ብርሃን ተጠቅሞ ምግቡን ይሠራል» ካለ፣ «ለምን አረንጓዴ ሆነ ታዲያ?» በሉት። ካወቀ ይነግራችኋል፣ ካላወቀ የጎደለውን ነገር አሁን አገኘው። አባቱ መልሱን አለማወቁ ጭራሽ ይጠቅማል፤ የማያውቅ ሰው ጥያቄው የእውነት ነው። ሐሳቡ በአማርኛ ከገባው በኋላ የእንግሊዝኛው ቃል መለጠፊያ ቦታ ያገኛል።

ዘግይተው ለመጡ ልጆች ደግሞ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ደንብ አለ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤት የገባው በ7ኛ ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለማትሪክ «ኢሚግራንት ካንዲዴት» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ከሆነ በሁለት የአገሪቱ ቋንቋ ፈንታ በአንድ ብቻ ተፈትኖ፣ በሁለተኛው ቦታ ሌላ የትምህርት ዓይነት ይወስዳል። የሚጠየቀው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ።

ባንኮኒ ላይ የሚሠራ ጥናት

«ይሄ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ እኛ ከንጋት እስከ ማታ ቆመን ነው የምንውለው» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ይህ አጠናን ለተቀጣጠበ ሰው የተመቸ ነው። ሱቅ የራሱ ምት አለው። ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ይጨናነቃል፣ ረፋዱ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይሞቃል፣ አመሻሹ ላይ እንደገና ይጨናነቃል። በመሀል ያሉት አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች ለማንበብ አይበቁም፤ ራስን ለመጠየቅ ግን ይተርፋሉ።

መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ያዙ። አንድ ገጽ ወይም አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቡና መጽሐፉን ዝጉ። የምታስታውሱትን ሁሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቀላቅላችሁ ጻፉ። ሲያልቅባችሁ ትንሽ ታገሉ፣ ቶሎ አትክፈቱ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉት። ነገ የምትከልሱት ሙሉውን ገጽ ሳይሆን ያንን ሌላ ቀለም ነው።

ቀጥሎ ካርድ። ሱቅ ውስጥ ካርቶን አይጠፋም። በመዳፍ ልክ ቆርጣችሁ በአንድ ፊቱ ጥያቄ፣ በሌላው መልሱን ጻፉ። አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ። ሦስት ባዶ ሣጥን አዘጋጁ። አዲስ ካርድ ሁሉ ከመጀመሪያው ሣጥን ይጀምራል፣ እሱ በየቀኑ ይጠየቃል። የመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እሱ በየሦስት ቀኑ ነው። እንደገና ከመለሳችሁት ወደ ሦስተኛው፣ እሱ በሳምንት አንዴ ይታያል። የተሳሳታችሁት ካርድ የትም ደርሶ ቢሆን ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለሳል። ይህን የሣጥን ዘዴ ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጸሐፊ በ1972 በመጽሐፍ አስተዋውቆታል። በስልክ የሚሻ ሰው «አንኪ» የተባለው መተግበሪያ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ነው፣ ካርዱ አንዴ ከገባ በኋላም ዳታ አይፈልግም። መብራት ሲጠፋና ስልክ ሲዘጋ ግን ካርቶኑ ይሻላል።

ለምን በየቀኑ፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ? ምክንያቱም መርሳት በአንድ ፍጥነት አይሄድም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን እየፈተነ ያሳየው ይህንን ነው። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ያጠና ነበር። አንዴ ያጠናውን መልሶ ለመያዝ ስንት ድካም እንደቀነሰለት ሲለካ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተረፈው 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ያህል፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 በመቶ ነበር። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው። ዛሬ የተማሩትን ዛሬ ማታ 10 ደቂቃ መጠየቅ፣ የፈተና ዋዜማ ላይ ከሚደረግ የሰዓታት ንባብ ይልቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ሰዓቱ አልጨመረም፤ ተከፋፈለ እንጂ።

ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ደግሞ ቀላቅሉ። ብዙ ልጅ 20 ተመሳሳይ ጥያቄ በተከታታይ ይሠራና «ገብቶኛል» ይላል። እውነቱን ለመናገር 20ኛው ላይ ሲደርስ እያሰበ አይደለም፣ የ19ኛውን እየገለበጠ ነው። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ አራት ዓይነት የሒሳብ ጥያቄ ቀላቅለው የተለማመዱ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 63 በመቶ ሲመልሱ፣ በየዓይነቱ ለይተው የተለማመዱት 20 በመቶ ብቻ መለሱ። ፈተና «ይህ የምዕራፍ 3 ጥያቄ ነው» ብሎ አይነግርም፤ ዓይነቱን መለየት ራሱ ግማሹ ሥራ ነው።

ለዚህ የተሻለ መለማመጃ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የማትሪክ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው በድረ ገጹ በነጻ ያስቀምጣል። «ሲያቩላ» የተባለው የኬፕታውን ተቋም ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚካል ሳይንስ መጻሕፍትን በነጻ ይሰጣል። ፈተናውን ግን የመጨረሻው ሳምንት ላይ ራስን ለመለካት ብቻ አታስቀምጡት፤ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ መማሪያ አድርጉት። ለዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚያበቃው የማትሪክ ውጤት ቢያንስ በ4 ዋና ዋና ትምህርቶች 50 በመቶ ይጠይቃል። 50 በመቶ ሰማይ አይደለም፤ በዘዴ ለሚሠራ ልጅ የሚደረስበት ቁጥር ነው።

የማይመች መሆኑ ነው የሚሠራው

ይህን ዘዴ ጀምረው በሳምንቱ የሚተዉ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ አይመችም። ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፣ ዓይን ቃሉን ይለምደዋል፣ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ያሰኛል። ባዶ ወረቀት ፊት መቀመጥ ግን ያሳፍራል። ሦስት መስመር ጽፎ መቆም «አየህ፣ አልያዝም አላልኩም?» ያሰኛል። ሮበርት ብጆርክ የተባለው ተመራማሪ «ተፈላጊ ችግር» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ለዚህ ነበር። ያ ትግል የመክሸፍ ምልክት ሳይሆን አእምሮ ሥራውን እየሠራ የመሆኑ ምልክት ነው። ባለሱቁም በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ ተሳስቷል፣ መልስ አሳስቷል፣ ደንበኛ ስቆበታል። «ሱቅ አይገባኝም» ብሎ ግን አልተወውም፤ ኪራይ ነበረበት።

ዘዴ የማይፈታው ነገርም አለ። ሰሌዳው ሩቅ የሚሆንበት ልጅ መነጽር እንጂ ካርድ አያድነውም። ፊደል የሚገለባበጥበት፣ ከእኩዮቹ በጣም ዘግይቶም በቅጡ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በባለሙያ መታየት አለበት። እንቅልፍም እንደዚሁ። እንቅልፍ መርሳትን እንደሚቀንስ ጄንኪንስና ዳለንባክ በ1924 ካሳዩ አንድ መቶ ዓመት አለፈ። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ሱቅ ቆሞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ልጅ፣ ያጠናው ነገር የሚጸናበትን ሰዓት ነው የተነጠቀው። የፈተና ሰሞን ልጁን ከሱቅ ማሳረፍ ከአስጠኚ ክፍያ በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ወላጅ ይህን መስማት ላይወድ ይችላል፤ ግን ሒሳቡ ይኸው ነው።

ነገሩ የሎኬሽን ልጆች ብቻም አይደለም። በየአገሩ ያላችሁ ሐኪሞችና ነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ የሒሳብ ባለሙያዎች የቦርድ ፈተና፣ ሠራተኞች ዩኒሳን በመሰለ የርቀት ትምህርት ዲግሪ ይዛችሁ የምትታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። 40 ዓመት ያለፈው ሰው «አእምሮዬ አርጅቷል» ሲል እሰማለሁ። ሳያረጅም አልቀረ ይሆናል፤ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠናበት መንገድ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ሌሊት የሸመደደበት ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ይቀይርና ከዚያ ዕድሜውን ይውቀስ።

ከእናንተ መሐል ለተማራችሁት አንድ ነገር ልበል። በየከተማው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ዕድር አለን። ለለቅሶና ለሠርግ እንሰበሰባለን። በሳምንት አንድ ሰዓት ልጆችን ሰብስቦ «ንገሩን» ለማለት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ካርቶንና ትዕግሥት ይበቃል። ታላቁ ታናሹን ይጠይቅ፣ ታናሹም ተራውን ታላቁን ይጠይቅ። አስተማሪ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ መልሱ ከካርዱ ጀርባ ተጽፏል።

ለወላጆች ደግሞ ከዛሬ ማታ የሚጀመር ነው። ልጃችሁ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ «ሽምድድ» አትበሉት። ለሩብ ሰዓት ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ተቀብላችሁ ዝጉትና «በል ንገረኝ» በሉት። ሲንተባተብ አትቆጡ፣ አትቸኩሉም። የጎደለውን ከፍቶ ይይ፣ ነገ ደግሞ ያንኑ ጠይቁት። አንድ ወር ይህን ሳትሞክሩ «አይዝም» አትበሉ።